የምናጋራው መጽሐፍ አማና ነው

ቢስሚላሂር-ረሕማኒር-ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



በዚህ እትም የምንማማረው ሁላችንም በየቀኑ ስለምናደርገውና ብዙም ስለማናስብበት ነገር ነው፤ መጽሐፍን፣ ሐዲስን፣ ያነበብነውን ሁሉ በስልካችን ስለማጋራት። ኸይር ሥራ መሆኑን አንጠራጠርም። ኸይር ሥራም ግን አደብ አለው፤ አደቡን ስንዘነጋ ምን እንደሚሆን በራሳችን አይተነዋል። ስለዚህ ትምህርቱን ከራሳችን ጥፋት እንጀምራለን።

ከሆለታ የጀመረው

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው አብዛኞቻችን ያደግነው ሆለታ ነው። ጠዋት የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ከዐስር በኋላ መድረሳ። ኡስታዛችን የሚያቀሩን ሰፊነቱን-ነጃ አንድ ቅጂ ብቻ ነበር። ዙሪያውን ተቀምጠን ፊታችን የነበረው ወደ ኪታቡ፣ ጀርባው በኩል የተቀመጠው ደግሞ ገልብጦ ማንበብ የለመደ ነበር። የየራሳችንን ክፍል በደብተር እንገለብጥ ነበር። የራሱ ኪታብ የፈለገ ሰው መርካቶ አንዋር መስጂድ አካባቢ ወዳሉት የኪታብ ሱቆች መሄድ ነበረበት። ለዚያ ደግሞ ሚኒባስ ይዞ ቡራዩን ማለፍ፣ ግማሽ ቀንና የደርሶ መልስ ሒሳብ ያስፈልጋል።

ግቢ ከገባን በኋላ ስልክ በእጃችን፣ ኢንተርኔት በአካባቢያችን ሆነ። በአንድ የክረምት ዕረፍት ሆለታ ስንገናኝ «እኛ ያጣነውን ታናናሾቻችን ለምን ያጣሉ?» አልንና በቴሌግራም የንባብ ቡድን ከፈትን። ያነበብነውን እያሳጠርን እንጽፋለን፣ መጽሐፍ እንጠቁማለን፣ ፒዲኤፍ እንለቃለን። ከሰበታና ከሱሉልታ ያሉ ጓደኞቻችንም ገቡ። አልሐምዱሊላህ፣ ደስ የሚል ነበር። ነገር ግን በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ጊዜ ተሰናከልን።

የመጀመሪያው በረመዳን ሰሞን ነው። አንዳችን ስለ ዒልም ብልጫ የሚናገር ያማረ ንግግር አገኘና ከሥሩ «ቡኻሪ ዘግበውታል» ብሎ ለቀቀው። ብዙ ሰው ወደደው፣ ብዙ ሰው አስተላለፈው። አንዲት የመጀመሪያ ዓመት እህታችን «በየትኛው ምዕራፍ ነው? ለሐለቃ ላዘጋጀው ፈልጌ ነው» ብላ ጠየቀች። ሁለት ቀን ፈለግን፤ የለም። ኡስታዛችንን ጠየቅን፤ ሐዲስ እንዳልሆነና የኋላ ሰዎች ንግግር እንደሚመስል ነገሩን። ወዲያው አጠፋነው። በሳምንቱ ግን ሆለታ ውስጥ አንድ መስጂድ ለሰላት ስንገባ ያንኑ ንግግር፣ ከነ «ቡኻሪ ዘግበውታል»፣ በወረቀት ታትሞ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ አገኘነው። ከስልካችን ማጥፋት ቻልን፤ ከሰው ልብ ማጥፋት ግን አልቻልንም።

ሁለተኛው የባሰ ነው። ተዋጥተን አንድ አዲስ የአማርኛ መጽሐፍ ገዛንና ገጹን ሁሉ በስልክ ካሜራ አንስተን ለቀቅነው። ከወራት በኋላ መጽሐፉን ወደገዛንበት ሱቅ ስንመለስ ባለሱቁ አባት ስልካቸውን አውጥተው ያንኑ ፒዲኤፍ አሳዩን። የእኛው ነው፤ በገጹ ጥግ የአንዳችን አውራ ጣት ይታያል። «ደንበኛ ሁሉ ነፃ አለ እያለኝ ይሄዳል» አሉን። ጸሐፊው መጽሐፉን በራሱ ገንዘብ እንዳሳተመና የማተሚያ ቤት ዕዳ ገና እንዳለበትም ነገሩን። ከዚያ የተናገሩት አሁንም ጆሯችን ላይ አለ፦ «ልጆቼ፣ ለኸይር ብላችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ሁለተኛውን መጽሐፍ ማን ይጽፍላችኋል?»

መልስ አልነበረንም። ከዚያ በኋላ ነው ቁጭ ብለን ጉዳዩን የተማርነው።

የመጻፍና የማካፈል ሥር

ከሒራ ዋሻ የተጀመረው ወሕይ በማንበብ ትዕዛዝ እንደተከፈተ፣ በዚያው ሱረቱል-ዐለቅ ውስጥ አላህ (ሱ.ወ) በብዕር ማስተማሩን እንደጠቀሰ ሁላችንም ከሕፃንነት እናውቃለን። በስሟ የተሰየመች ሱራ እስክትኖራት ድረስ ብዕር ከፍ ተደርጋለች። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ (አል-በቀራ 282) ስለ ምን እንደሆነ ግን ልብ ብለናል? ዕዳን በጽሑፍ ስለማስፈር ነው። ጸሐፊው በፍትሕ እንዲጽፍ፣ ምስክር እንዲኖር፣ ትንሽም ቢሆን ትልቅ ከመጻፍ እንዳይሰለች ያዛል። ስለዚህ ጽሑፍ በዲናችን ውስጥ ከመጀመሪያው አንስቶ የሰው ሐቅ የሚጠበቅበት ነገር ነው።

በሲራ ኪታቦች እንደሚወሳው ከበድር ምርኮኞች መካከል ቤዛ የሚከፍሉት ያልነበራቸው ለአንሷር ልጆች ጽሕፈት በማስተማር ነፃ ወጥተዋል። ዐብዱላህ ኢብኑ ዐምር (ረ.ዐ) ከነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሚሰሙትን በፈቃዳቸው ይጽፉ ነበር፤ ጥራዛቸውም «አስ-ሷዲቃ» በሚል ስም ይታወቃል።

ለእኛ ርዕስ በጣም የሚቀርበው ግን የአቡ ሻህ ታሪክ ነው። መካ በተከፈተች ጊዜ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ኹጥባ አደረጉ። አቡ ሻህ የተባለ የየመን ሰው ኹጥባው እንዲጻፍለት ለመነ፤ እሳቸውም እንዲጻፍለት አዘዙ። ታሪኩ በቡኻሪም በሙስሊምም ተዘግቧል። ሰውየው ወደ ሩቅ አገር ተመላሽ ነው፤ የሰማውን ለመያዝና ይዞ ለመሄድ ጽሑፍ አስፈለገው። ዛሬ ከሆለታ ወይም ከሱሉልታ «እባካችሁ ላኩልኝ» የሚለን ታናሽ ወንድማችን ጥያቄው ከአቡ ሻህ ጥያቄ ጋር አንድ ነው። ልዩነቱ ያለው በላኪዎቹ ዘንድ ነው። ለአቡ ሻህ የተጻፈው ከማን እንደተሰማ፣ ማን እንዳዘዘው፣ ለማን እንደተጻፈ እስከዛሬ ይታወቃል። እኛ የምናስተላልፈውስ?

በአገራችን የኖረው

አንዳንዶቻችን «የኪታብ ባህል የዐረብ አገር ነው» ብለን እናስባለን። አይደለም። ጥቂቱን እንጥቀስ።

ኢማም ጀማሉዲን ዐብዱላህ ኢብኑ ዩሱፍ አዝ-ዘይለዒ (በ762 ሂጅሪ የሞቱ) ስማቸው የሚያያዘው ከዘይላ ጋር ነው። ታዋቂ ሥራቸው «ነስቡር-ራያ» ይባላል። ይህ ኪታብ የተጻፈው «አል-ሂዳያ» በተባለው የሐነፊ ፊቅህ ኪታብ ውስጥ የተጠቀሱ ሐዲሶችን አንድ በአንድ ወደ ምንጫቸው ለመመለስ ነው። ኋላ ታላቁ ኢብኑ ሐጀር አል-ዐስቀላኒ ይህንን ሥራ አሳጥረውታል። አስቡት፤ ከእኛው ቀጣና ጋር ስማቸው የተያያዘ ዓሊም ዒልሙን ያገለገሉት «ይህ ሐዲስ የት ነው ያለው?» ብሎ በመጠየቅ ነው። የመጀመሪያ ዓመቷ እህታችን የጠየቀችውም ይህንኑ ነበር።

ለኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ደግሞ ሸይኽ ሐሰን አል-ጀበርቲ አሉ። የዘር ሐረጋቸው ከሐበሻ ምድር ጀበርቲዎች የሚመዘዝ፣ በ18ኛው ምዕተ ዓመት ካይሮ ላይ በፊቅህ ብቻ ሳይሆን በሒሳብ፣ በጂኦሜትሪና በፈለክ ዕውቀት የታወቁ ዓሊም ናቸው። ልጃቸው ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ የግብጽን ታሪክ የጻፉት ታላቅ ታሪክ ጸሐፊ ናቸው።

ወሎ ላይ ሸይኽ ጦልሓ ኢብኑ ጀዕፈርን የመሰሉ ዓሊሞች አማርኛን በዐረብኛ ፊደል፣ ማለትም በዐጀም፣ ጽፈዋል። ዐረብኛ ለማይረዳው ሰው ዲኑን በሚሰማው ቋንቋ ለማድረስ ነው። በ1961 ዓ.ም የታተመው የመጀመሪያው የቁርኣን የአማርኛ ትርጉምም የሸይኽ ሰዒድ ሙሐመድ ሳዲቅና የሐጂ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ ልፋት ነው። ዛሬ በስልካችን የቁርኣን አፕሊኬሽን ከፍተን «አማርኛ» ስንመርጥ ብዙ ጊዜ የሚመጣልን ይኸው ትርጉም ነው፤ የሁለቱ ስምም አብሮ ይታያል። በወረቀት የተሠራ ሥራ ስሙን ሳያጣ ወደ ኢንተርኔት ሲሻገር እንዲህ ነው።

ሐረር ላይ ደግሞ አብዱላሂ ሸሪፍ ለዐሥርት ዓመታት የእጅ ጽሑፎችን ሰብስበው በራስ ተፈሪ ቤት ባለው ሙዚየማቸው አኑረዋል። የተቀደዱትን ጠግነዋል፤ የሐረር ጥንታዊ የድጉሰት ሙያ እንዲያንሠራራ ጥረዋል፤ ጽሑፎቹም በዲጂታል ፎቶ እንዲነሡ አድርገዋል። በውጭም እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰር አሌሳንድሮ ጎሪ የተመራ የጥናት ቡድን የአፍሪካ ቀንድን ኢስላማዊ ጽሑፎች እየመዘገበ በኢንተርኔት በሚገኝ የመረጃ ቋት አስቀምጧል። በመዝገቡ ጽሑፉ የማን እንደሆነ፣ የት እንደተገኘ፣ ማን እንደገለበጠው ይሰፍራል። ይህ ሁሉ መጽሐፍን በኢንተርኔት ማካፈል ነው። ከእኛ የሚለየው ምንጩን በማክበሩ ነው።

ከማስተላለፍ በፊት ሙቃበላ

የድሮ ገልባጮች አንድ ሥርዓት ነበራቸው፤ ሙቃበላ ይባላል። ደረሳው ኪታቡን ገልብጦ ሲጨርስ ሥራው አላለቀም። ቅጂውን ከዋናው ጋር፣ ቢቻል በሸይኹ ፊት፣ ቃል በቃል ያስተያያል። የዘለለውን በኅዳጉ ይጨምራል። መጨረሻ ላይ ስሙን፣ ቀኑን፣ ከየትኛው ቅጂ እንደገለበጠ ይጽፋል።

እኛ አንድ ጊዜ ነክተን ለመቶ ሰው እናስተላልፋለን። ፍጥነቱ ኒዕማ ነው፤ ሙቃበላውን ግን አያስቀረውም፣ እንዲያውም ይበልጥ ግዴታ ያደርገዋል። የደረሳው ስህተት በአንድ ቅጂ ላይ ይቀር ነበር፤ የእኛ ግን በደቂቃ ይባዛል። በሱረቱል-ሑጁራት (49፡6) ወሬ ሲመጣ እንድናጣራ፣ ሳናውቅ ሰዎችን ጎድተን እንዳንጸጸት ታዘናል። የሰማውን ሁሉ የሚያወራ ሰው ያ ብቻውን ውሸታም ለመሆን እንደሚበቃውም ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስጠንቅቀዋል። በእሳቸው ስም ያላሉትን ማለት ደግሞ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ስለዚህ አንድ ሐዲስ ከማስተላለፋችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ። በየትኛው ኪታብ፣ በየትኛው ምዕራፍ ነው? ዑለሞች ስለ ደረጃው ምን ብለዋል? እኛስ ከኪታቡ አየነው ወይስ ከሌላ ሰው ስልክ? ሦስቱን መመለስ ካልቻልን እናቆየው። ያልተላከ መልእክት አይጸጽትም።

የጸሐፊው ሐቅ

«ዒልም አይሸጥም፤ ስለዚህ መጽሐፍ ማባዛት ችግር የለውም» የሚል ክርክር እንሰማለን። ለዒልም የመጨነቁ መንፈስ መልካም ነው፤ ነገር ግን ዕውቀቱና የታተመው ሥራ ይለያያሉ። ከመጽሐፉ የተማርነውን በራሳችን ቃል ለማስተማር ማንም አይከለክለንም። ሰውየው ያሰናዳውን፣ ያሳረመውን፣ ተበድሮ ያሳተመውን ግን ያለ ፈቃዱ ማባዛት ንብረቱን መንካት ነው።

ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1988 ኩዌት ባካሄደው 5ኛ ጉባኤ በውሳኔ ቁጥር 43 (5/5) የድርሰትና የፈጠራ መብት የባለቤቱ ሐቅ መሆኑን፣ የገንዘብ ዋጋ እንዳለውና ሊደፈር እንደማይገባ ወስኗል። በአገራችን ሕግም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የጸሐፊውን ኢኮኖሚያዊ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመታት ይጠብቃል። ምንጩንና ጸሐፊውን ጠቅሶ አጭር ክፍል መውሰድን ሕጉ አይከለክልም። ስለዚህ መጽሐፍን መጠቆም፣ ማሳጠር፣ መተቸት፣ ጥቂት መስመር ጠቅሶ መወያየት በሩ ክፍት ነው። የቀደሙት ዑለሞች ኪታቦች፣ ባለቤቶቻቸው ፈቅደው የለቀቋቸው ሥራዎችም ሞልተዋል።

እኛ ምን አደረግን? ፒዲኤፉን አጠፋን፤ ለጸሐፊው በባለሱቁ በኩል ይቅርታ ላክን። ተውበት የሰው ሐቅ ሲኖርበት ሐቁን መመለስንም ስለሚጨምር ከኪሳችን አዋጥተን ከመጽሐፉ የተወሰነ ቅጂ ገዛንና ለመድረሳችን ሰጠን። ጸሐፊው አንድ ምዕራፍ እንድናካፍል ፈቀደልን። ምዕራፉን ያነበቡ ልጆች መጽሐፉን ለመግዛት ሲጠይቁ አይተናል።

ከመሐንዲስ ዓይን

ማካፈል የምንችለውን ስናካፍል ደግሞ በኢሕሳን፣ በጥራት ይሁን። አማርኛችን በኮምፒውተር ላይ መብቱን ያገኘው በቅርቡ ነው። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በአንድ ፎንት የተጻፈ ጽሑፍ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆን ነበር፤ በድሮው አጻጻፍ የተቀመጡ ፋይሎች ዛሬም ይህ ያጋጥማቸዋል። ስለዚህ ሁልጊዜ በዩኒኮድ እንጻፍ።

ሁለተኛ፣ ፎቶና ጽሑፍ አንድ አይደሉም። 300 ገጽ ያለው፣ በገጽ 1,500 ያህል ፊደል የያዘ መጽሐፍ እናስብ። በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። ስናባዛው 1.35 ሜጋባይት ገደማ ነው። ያው መጽሐፍ በፎቶ ቢነሳና አንዱ ገጽ 500 ኪሎባይት ቢይዝ 150 ሜጋባይት ይሆናል፤ ከ100 እጥፍ በላይ ማለት ነው። ጥቅል ገዝታ ለምትጠቀም የገጠር እህታችን ልዩነቱ የማንበብና ያለማንበብ ልዩነት ነው። በፎቶው ውስጥ ቃል መፈለግም አይቻልም።

ሦስተኛ፣ ፊደላችንን አንድ እናድርግ። ለእኛ «ሐዲስ» እና «ሀዲስ» አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ሐ እና ሀ የተለያዩ ኮዶች ናቸው። አንዳችን በዚህ፣ ሌላችን በዚያ ከጻፍን ፈላጊው ግማሹን አያገኝም። በአንድ ቡድን ውስጥ አንድ አጻጻፍ መስማማት ትንሽ ሥራ፣ ትልቅ ጥቅም ነው።

ማከማቸት ማንበብ አይደለም

በስልካችን ውስጥ ስንት ፒዲኤፍ አለ? ከነሱ ውስጥ ጨርሰን ያነበብነው ስንቱን ነው? ይህን ጥያቄ ስንጠያየቅ ሁላችንም አቀረቀርን። ማስተላለፍ ያነበብን እንዲመስለን ያደርጋል። በዚህ ላይ «ወደደው» የሚለው ቁጥር ሲጨምር ልብ ወደ ሪያእ ይዘነብላል። ኒያችንን ደጋግመን እናድስ።

የሚረዳን ቀላል መንገድ ትንሽ አድርጎ መቀጠል ነው። ከፈጅር በኋላ በቀን 10 ገጽ ያነበበ በወር 300 ገጽ ይጨርሳል። ያነበበውን በግማሽ ገጽ በራሱ ቃል ይጻፍ፤ መጻፍ ያልገባንን ያጋልጣል። የዐቂዳና የፊቅህ ኪታቦችን ደግሞ ከስክሪን ብቻ አንቅራ። ኡስታዝ ፊት መቀመጥን ምንም ፋይል አይተካውም። ሆለታ ላይ በአንድ ኪታብ ዙሪያ ስንቀመጥ ያገኘነውን እርማት እስካሁን በስልክ አላገኘነውም።

ለመተግበር

1. ማንኛውም የምናጋራው ጽሑፍ ሥር የጸሐፊው ስም፣ የመጽሐፉ ርዕስና ገጹ ይኑር።
2. ሐዲስ ከምንጩና ከደረጃው ጋር ካልሆነ አይለቀቅ። ከመለቀቁ በፊት ሁለተኛ ሰው ሙቃበላ ያድርግ።
3. ስህተት ከተገኘ በዝምታ አይጠፋ፤ «ይህ ስህተት ነበር» ተብሎ በግልጽ ይታረም።
4. የሕያው ጸሐፊ መጽሐፍ ያለ ፈቃዱ ሙሉውን አይለቀቅ። ይልቅ ተዋጥተን ገዝተን እየተዋዋስን እናንብብ።
5. በወር ቢያንስ አንድ የራሳችን አጭር ጽሑፍ እናበርክት። ተቀባይ ብቻ አንሁን።

ለሐለቃ መወያያ

- ባለፈው ሳምንት ያስተላለፍናቸውን ሦስት መልእክቶች እናውጣ። ምንጫቸውን ማሳየት እንችላለን?
- የአቡ ሻህን ጥያቄ ዛሬ ማን ነው የሚጠይቀን? በመንደራችን ኪታብ የማይደርሰው ማን ነው?
- ከዚህ በፊት ያለ ፈቃድ ያሰራጨነው ሥራ ካለ ሐቁን እንዴት እንመልስ?

በመጨረሻም፣ ያንን የመስጂድ ወረቀት ምን እንዳደረግነው ለጠየቃችሁን፦ ኢማሙን አስፈቅደን አነሳነው፤ በቦታው በትክክለኛ ምንጩ የተረጋገጠ ሐዲስ፣ ከነ ኪታቡና ምዕራፉ ጽፈን ለጠፍን። ምዕራፉን ፈልጋ ያገኘችው ያቺው የጠየቀችው እህት ናት። ዛሬ በቡድናችን ሙቃበላ የምታደርገው እሷ ናት።

አላህ (ሱ.ወ) ጠቃሚ ዒልም ይወፍቀን፤ የምንጽፈውን ለእኛ እንጂ በእኛ ላይ ምስክር አያድርግብን፤ የመሸሽና የመድረሻዎቻችንን፣ ያስተማሩንን ሁሉ ይዘንላቸው። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።